ጣሪያ በሌላት መኪና ሽምግልና

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ላጥራ፤ መኪናዋ መንገድ ላይ አልቆመችም። እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ያለ ሐበሻ ሁሉ "ሽማግሌውን በረዶ ላይ መኪና አስገፋቸው አሉ" እያለ እንደሚያወራ ሰምቻለሁ። ውሸት ነው! ጋሼ ወንድይፍራው አንዲት ክንድ እንኳ አልገፉም። እንዲያውም የተጎተቱት እሳቸው ናቸው፤ እሱንም ቦታው ላይ ስደርስ እነግራችኋለሁ።

እኔ ኦግደን የሚባል ሰፈር፣ ባቡሮቹ ከሚያድሩበት ግቢ አጠገብ ባለ ፋብሪካ ውስጥ በያጅ ነኝ። ቀኑን ሙሉ ብረት ስበይድ እውላለሁ። የበየድኩት ብረት ግን በማግሥቱ የት እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚሆን አላውቅም። ሃያ ዓመት እንዲህ ስሠራ ኖሬ አንድ ቀን "እኔ የሠራሁት ነው" ብዬ የማሳየው ነገር የለኝም። ይሄ ነገር ውስጥ ውስጡን ሲበላኝ ነበር። ታዲያ ከዕለታት አንድ ቀን ስለ ኪት ካር ሰማሁ፤ ያን ቀን ባልሰማ ኖሮ ጋሼ ወንድይፍራው ዛሬም በሰላም ሰላም ይሉኝ ነበር።

ኪት ካር ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ መኪና አይደለም የሚላክላችሁ፤ ሣጥን ነው። አንዱ ሣጥን ውስጥ መሪ፣ አንዱ ውስጥ ቱቦ፣ አንዱ ውስጥ ብሎን፣ አንዱ ውስጥ ደግሞ መጽሐፍ ቅዱስ የሚያህል መመሪያ ይመጣል። ከዚያ በኋላ እናንተና እግዚአብሔር ናችሁ። ሁለት ክረምት ሙሉ ከሥራ ስመለስ ቀጥታ ጋራዥ ነበር የምገባው። ባለቤቴ ምሕረት ሰው ደውሎ "የት ሄደ?" ሲላት "እዚሁ ነው፣ ሣጥን ይፈታል" ትል ነበር። በመጨረሻ ስጨርስ ሦስት ብሎን ተረፉኝ። መመሪያውን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩ፤ የት እንደሚገቡ አይልም። እኔም ብዙ አልተጨነቅኩበትም።

ግን ስትወጣ ብታዩዋት! ቀይ፣ ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ ረዘም ያለ፣ ሁለት ወንበር ብቻ ያላት። ጣሪያ የላትም። ማለቴ፣ ዝናብ ሲመጣ የሚወጠር ሸራ አላት። በሯ ወገብ ድረስ ነው፤ ከወገብ በላይ ያለውን ፕላስቲክ መስኮት በእጃችሁ ትሰካላችሁ። ስለ ሂተርም፣ ስለ ማሞቂያው ብትጠይቁኝ፣ ኪቱን ሳዝዝ "ሂተር ይጨመር?" የሚል ጥያቄ ነበረው። "ክብደት ምን ያደርግልኛል!" ብዬ አለፍኩት። ያን የወሰንኩት ሐምሌ ላይ ነው። ካልጋሪ ውስጥ ሰው ሐምሌ ላይ ምንም ነገር መወሰን የለበትም።

መስከረም ላይ ምሕረት እህቷ ፊት "መቼም ጥቅምት ሲገባ ሸፍነህ ታስቀምጣታለህ" አለችኝ። ብቻዋን ሆና ብትለኝ እኮ "እሺ" እል ነበር። እህቷ ግን ሳቀች። በቃ፣ ደሜ ፈላ።

"ማን? እኔ? ከመስከረም እስከ መስከረም ነው የምነዳት! ሥራ በእሷ፣ ገበያ በእሷ፣ ቤተ ክርስቲያን በእሷ። ሌላ መኪና ውስጥ እግሬ አይገባም!" አልኩ።

"አንተ ሰው ተው" አለች ምሕረት።

"ሰው የሠራውን ሸፍኖ ሊያስቀምጥ ነው እንዴ የሚሠራው?"

የቤታችንን ሌላ መኪና ቁልፍ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ለእሷ አስረከብኩ። ምሕረት ቁልፉን ስታነሣ ፊቷ ላይ ምንም ኀዘን አላየሁም።

ክረምቱ እንዴት አለፈ አትሉም? በቁርጠኝነት! ሁለት ሱሪ፣ ሦስት ካልሲ፣ ዓይኔና አፌ ብቻ የሚታይበት ኮፍያ፣ ከላዩ የብየዳ መነጽር። መጀመሪያ ቀን እንዲህ ሆኜ ፋብሪካው በር ላይ ስደርስ ጥበቃው ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሣ። ሰባት ዓመት በየጠዋቱ ሰላም የሚለኝ ሰውዬ! ቡና በመስኮት የሚሸጡበት ቦታ ስሄድ ደግሞ የሻጯ መስኮት ከእኔ ራስ አንድ ክንድ በላይ ነው። ወንበሩ ላይ ቆሜ ነው የምቀበላት። ልጅቷ ለምዳኝ ድምፄን ስትሰማ ከውስጥ "እሱ ነው፣ የሚቆመው" ትላለች። መብራት ላይ ስቆም ጎኔ ያሉት ሰዎች ከትልልቅ መኪናቸው ላይ ወደ ታች ያዩኝና መስኮታቸውን ዝቅ አድርገው "አር ዩ ኦኬ፣ ባዲ?" ይሉኛል። አውራ ጣቴን አነሣላቸዋለሁ። ከአውራ ጣቴ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለኝ ነው።

ግን አንድ ቀን ከሥራ አልቀረሁም፤ አንድ ቀን አላረፈድኩም። ፋብሪካው ውስጥ ምቹ መኪና የያዙት ሲቀሩ እኔ እገኛለሁ። ይሄን ጻፉልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ኤፍሬም የሚባል አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አለ። አዲስ የመጣ ጊዜ የእኛ ምድር ቤት፣ ቤዝመንቱ ውስጥ ሦስት ዓመት ኖሯል፤ ታናሽ ወንድሜ በሉት። ይህ ልጅ ሩት የምትባል ልጅ ይወዳል፤ እሷም ትወደዋለች። ሩት እዚህ ያደገች ናት፤ ግን "ያለ አባቴ ቃል አላገባም" ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። አባቷ ደግሞ ጋሼ መኩሪያ ናቸው። ሬድስቶን የሚባል ሰፈር ይኖራሉ፤ ጡረታ ወጥተዋል፤ ወግ ያጠብቃሉ። ስለዚህ ሽማግሌ ተላከ። ሦስት ሆነን ሄድን፤ እኔ፣ አቶ ታምራት የሚባል ባለ ቫን ጎረቤቴና ጋሼ ወንድይፍራው።

ጋሼ ወንድይፍራው ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። አገር ቤት መምህር ነበሩ። ለምርቃት ሲነሡ ሰው ሹካውን ያስቀምጣል። እኛ ሁለታችን ለቁጥር ነው የገባነው፤ ሽምግልናው የሚሠራው በእሳቸው አንደበት ነው።

ያን የመጀመሪያ ቀን ምን አደረግን መሰላችሁ? የእኔዋ ለሦስት ሰው ስለማትበቃ ያን ቀን ብቻ ቃሌን ላላ አድርጌ በአቶ ታምራት ቫን ሄድን፤ ሙቀቷ ያስተኛል። ከዚያ ወጥተን ጋሼ መኩሪያ ሳሎን ገባን፤ ሶፋ አየን፤ ቁጭ! ማንም "ተቀመጡ" ሳይለን። እናንተ ታውቃላችሁ፣ ልጅ ሊጠይቅ የሄደ ሽማግሌ "ተቀመጡ" ቢባልም "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም" ብሎ ይቆማል እንጂ ሶፋ ላይ አይዘረጋም። አቶ ታምራት ጭራሽ "ሻይ ካለ ስኳሩን ቀነስ አድርጉልኝ" አለ። ጋሼ መኩሪያ ፊታቸው ጠቆረ። "ከገና በኋላ ባለው እሑድ፣ ዘጠኝ ሰዓት ኑ፤ መልሱን ያኔ እነግራችኋለሁ" ብለው ሸኙን። ከዚያ በኋላ የሰማነው "ሽማግሌ ነው የላከብኝ ወይስ እንግዳ? በሁለተኛው ቀጠሮ ደግሞ ደቂቃ ቢያሳልፉ በዚያው ይቅሩ" ማለታቸውን ነው። ኤፍሬም ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳውን ለሌላ ሰው መስጠት ጀመረ።

እሑዱ ደረሰ። ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ ዲግሪ! ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ አቶ ታምራት ደወለ።

"ቫኗ አልነሣ አለችኝ፤ የሞተር ማሞቂያዋን ሶኬት ሳልሰካ አድሬ..."

"አንተ ሰውዬ፣ ዛሬ? ዛሬ ነው ሶኬት የሚረሳው?"

"እኔንም ጉንፋን ይዞኛል፤ እናንተ ሂዱ" ብሎ ዘጋው።

ምሕረት ሺፍት ላይ ናት፤ መኪናውን ይዛዋለች። የታክሲውን አፕ ከፈትኩ፤ አንድ ሰዓት ተኩል ጠብቁ ይላል። በዚህ መሐል ኤፍሬም ከአቶ ታምራት ሰምቶ ደወለ።

"ብሮ፣ የእኔን መኪና ውሰድ! ሂትድ ሲት አለው፣ ወንበሩ ይሞቃል፣ አሁኑኑ ላምጣልህ!"

"ምን ነካህ? የጠያቂው ልጅ መኪና የልጅቷ አባት ደጅ ላይ ይቁም? ታርጋህን ያውቁታል እኮ! ነውር አይደለም?"

"በእናትህ፣ ማን ታርጋ ያያል?"

"ነውር ነው አልኩህ! አንተ ቤትህ ቁጭ ብለህ ጸልይ።"

እውነቱን ልንገራችሁ? ነውርነቱ ትዝ ያለኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። መጀመሪያ ትዝ ያለኝ ለምሕረት እህት የተናገርኩት ነው። ደግሞም አስቡት፤ ሦስት ብንሆን ኖሮ መኪናዋ አትበቃንም ነበር፤ አሁን ግን ልክ ሁለት ቀረን። ወንበሩም ሁለት ነው። ይሄ የእግዜር ሥራ ካልሆነ የማን ነው?

ጋሼ ወንድይፍራው እዚያው እኔ ሰፈር ቴምፕል፣ ከቤቴ ሁለት ብሎክ ርቀው ነው የሚኖሩት። ደጃቸው ላይ ስቆም በሙሉ ልብስ፣ በከረቫት፣ በካፖርት፣ ከላዩ ነጭ ጋቢ ደርበው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። መኪናዋን አዩ። ዞሯት። በከዘራቸው ጫፍ አፍንጫዋን ነካ ነካ አደረጉ።

"ልጄ፣ ይህቺ መቼ ነው የምታልቀው?"

"አልቃለች ጋሼ።"

"አልቃለች..." አሉ ቀስ ብለው፣ መርዶ እንደተነገረው ሰው። "ጣሪያው?"

"ሸራው ነው ጋሼ። እርስዎ ብቻ መጀመሪያ ግራ እግርዎን ያስገቡ፣ ከዚያ ይቀመጡ፣ ከዚያ ቀኙን ይጎትቱት። አይዞዎት።"

ለመግባት ስድስት ደቂቃ ፈጀብን። ከዘራቸው ከውስጥ አልበቃ ስላለ ጫፉን በሸራውና በበሩ መሐል ወደ ውጭ አወጣነው። "ሰማይ አይታየኝም፤ የሚታየኝ አስፋልት ነው" አሉ። "ዝቅ ያለች ስለሆነች ነው ጋሼ፤ መንገድ ትይዛለች" አልኳቸው።

መጀመሪያ ላይ ደህና ነበርን። ጋሼ ንግግራቸውን እየተለማመዱ ነበር፤ "የተከበራችሁ ቤተ ሰቦች፣ ዛሬ በደጃችሁ የቆምነው..." ሲሉ እንኳን ጋሼ መኩሪያ እኔ ራሴ ልጅ ቢኖረኝ እሰጥ ነበር። ስቶኒ ትሬል የሚባለው ፈጣን መንገድ ላይ ወጥተን ፍጥነት ስጨምር ግን በእሳቸው በኩል ያለው ፕላስቲክ መስኮት ብርዱ አድርቆት ኖሮ "ጧ!" ብሎ ተሰብሮ ሄደ። ነፋሱ ጋቢው ውስጥ ገባ። ጋቢው ሲነፋ መኪናዋ በእርግጥ ፍጥነት ቀነሰች፤ እግሬን ከነዳጁ ላይ ሳላነሣ! እሳቸው በአንድ እጃቸው ጋቢውን ይዘው በሌላው እጃቸው የጤና ካርዳቸውን አውጥተው የፊቱን መስታወት ከውስጥ ይፍቁልኛል። የምንተነፍሰው ሁሉ እዚያው መስታወቱ ላይ በረዶ እየሆነ ነው። እሳቸው የፋቁልኝን የእጅ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ እያየሁ ነው የምነዳው።

"የተከበራችሁ..." አሉ ጋሼ። ትንሽ ቆይተው "የተከ..." አሉ። ከዚያ "የ..." አሉና ቀጥ።

ይባስ ብሎ ፊት ለፊታችን ሁለት መኪና ተጋጭቶ መንገዱ ተዘጋ። ሃያ አምስት ደቂቃ ቆምን። እኛ አልቆምንም፣ መንገዱ ነው የቆመው፤ ልዩነቱን ልብ በሉልኝ። ሰዓቴን አያለሁ፤ ስምንት ሰዓት ከአርባ ይላል። ጉልበቴን ልሰማው ሞከርኩ፤ አልመለሰልኝም። ዞር ብዬ ጋሼን ሳያቸው ጢማቸው ነጭ ሆኗል። ሁልጊዜም ነጭ ነው፤ አሁን ግን ያብለጨልጫል። ያን ጊዜ ነው ኤፍሬም ትዝ ያለኝ። ኤፍሬም ቤቱ ቁጭ ብሎ እየጸለየ ነው፤ የልጁ ሕይወት በሳቸው አፍ ላይ ነው፤ አፋቸውን ደግሞ እኔ ነኝ በእልኬ ያደረቅኩት።

"ጋሼ፣ እንመለስ? ይቅርታ ጠይቀን ሌላ ቀጠሮ..."

ጭንቅላታቸውን በኃይል ነቀነቁ። በከዘራቸው እጀታ በሩን ሁለቴ መቱ። ከየት እንዳመጡት አላውቅም፣ "ን...ዳ!" አሉ።

እኒህን ሽማግሌ ያን ጊዜ ወደድኳቸው! መንገዱ ተከፈተ፤ ነዳሁ።

ጋሼ መኩሪያ ደጅ ላይ የደረስነው ለዘጠኝ ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። እኔ ከሰውነቴ ጋር ታግዬ ወጣሁ፤ ጋሼ ግን እንደተቀመጡ ደርቀዋል። ብጎትት፣ ብጎትት እንቢ! በረዶውን አካፋ ይዞ ሲጠርግ የነበረ ጥምጣም ያሰረ ሕንዳዊ ጎረቤት አካፋውን ጥሎ መጣና ከብብታቸው ሥር ገብቶ "ዋን፣ ቱ፣ ትሪ፣ አንክል!" ብሎ ነቅሎ አወጣቸው። የተጎተቱት ያን ጊዜ ነው። ሁለታችን ሆነን ቀና አደረግናቸው፤ ወገባቸው ሲቃና ድምፅ አሰማ። እኔም በዚያው ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ከዚያ ወዲያ ወደ ፊት መሄድ እንጂ ጉልበት ማጠፍ የሚባል ነገር የለም። በሩን በከዘራቸው አንኳኳን።

"ግቡ፣ ግቡ!" አሉ ጋሼ መኩሪያ ሰዓታቸውን እያዩ። "ዘጠኝ ሰዓት፣ በልኩ። ተቀመጡ።"

አልተቀመጥንም።

"ኧረ ተቀመጡ እንጂ፣ ቤት ለእንግዳ!" አሉ እትዬ አልማዝ፣ የሩት እናት።

ጋሼ ወንድይፍራው ጭንቅላታቸውን ብቻ ወዘወዙ። ሳሎኑ መሐል በከዘራቸው ላይ እንደቆሙ ቀሩ። እኔም ጎናቸው።

ጋሼ መኩሪያ ፊታቸው ተለወጠ። ወደ ሚስታቸው ዞረው "አየሽ? ሽማግሌ እንዲህ ነው!" አሉ። እኔ ንግግሩን ልጀምርላቸው ብዬ "እኛ..." ልል ስሞክር "እእእ" ብሎ ወጣ። በዚህ መሐል የቤቱ ሙቀት ሥራውን ጀመረ። የጋሼ ወንድይፍራው ጢምና ቅንድብ ላይ ያለው በረዶ መቅለጥ ጀመረና በጉንጫቸው ላይ ኩልል አለ።

"ውይ! ያለቅሳሉ!" አሉ እትዬ አልማዝ። "እኒህን የመሰሉ ትልቅ ሰው፣ ለእኛ ልጅ ብለው! አንጀቴን በሉት! መኩሪያ፣ ምን ትጠብቃለህ?" ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

ጋሼ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "አትድከሙ፤ ጉዳያችሁን እናውቀዋለን። ልጅቷንም ጠይቀናል። ሰጥቻለሁ!"

እትዬ አልማዝ እልልታውን አቀለጡት። "በሉ አሁን ተቀመጡ!"

እንዴት አድርገን? ቆምን።

ጋሼ መኩሪያ ግራ ገባቸው። "ምን ቀረ? ሠርጉ ነው? ከሁለት ዓመት በኋላ ይሁን ብዬ ነበር... እሺ፣ ዘንድሮ ሐምሌ ይሁን።"

ቆምን። የጋሼ ወንድይፍራው ጢም ጠብ፣ ጠብ ይላል።

"አዳራሹን እኔ እመርጣለሁ ብዬ ነበር። እነሱ ይምረጡ!"

ቆምን።

"ኧረ እናንተ ሰዎች!" አሉ፣ ላብ ላብ እያላቸው። "ቤዝመንቱን አዘጋጅቼ ነበር፤ እዚሁ ከእኛ ጋር እንዲኖሩ። በቃ! የፈለጉበት ይኑሩ! ሌላ ምን አለኝ?"

ይህቺን ኋላ ለኤፍሬም ስነግረው ነው ልጁ ያለቀሰው። እኔ በበኩሌ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ታውቃላችሁ? በልቤ ግራ ጉልበቴን እየለመንኩ ነበር። አምላክ ሰማኝ፤ ጉልበቴ "ቋ" አለና ሶፋው ላይ ወደቅኩ፤ ጋሼ ወንድይፍራውም እኔ ላይ። እንደገና እልልታ!

ሻይ መጣ። በሁለተኛው ብርጭቆ ላይ የጋሼ ወንድይፍራው መንጋጋ ተፈታ። አሁን ዝም ብለው ቢመርቁ ምን ነበረበት? ግን ውሸት አይችሉም። ብርጭቋቸውን አስቀመጡና፦

"ጋሽ መኩሪያ፣ በሐሰት የተገኘ ነገር ለልጆቹም አይበጅም። እኛ የቆምነው ለክብር አይደለም። ጉልበታችን ደርቆ ነው። ያለቀስኩትም በረዶ ነው።"

ብርጭቆዬ እጄ ላይ ቀረች። እትዬ አልማዝ ባላቸውን አዩ። ጋሼ መኩሪያ ግን ፈገግ አሉ።

"እኔ እዚህ ከተማ ሃያ ዓመት የበረዶ መጥረጊያ መኪና የነዳሁ ሰው ነኝ። አክብሮትና ብርድ ይለየኛል። ገና ስትገቡ አውቄያለሁ።"

"ታዲያ ለምን ሰጡን?" አልኩ፣ አፌ ቀድሞኝ።

"በዚህ ብርድ ቀጠሮ አክብሮ የመጣ ሰው ተመልሶ አይሄድም ብዬ ነዋ። የቀረውን ግን... ዝም ያለ ሰው ፊት ስቆም ብዙ አወራለሁ። አንደበቴ ነው የጎተተኝ። ይሁን፣ ቃሌ ቃሌ ነው።" ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱ። "ግን በምን ብትመጡ ነው እንዲህ..." መጋረጃውን ገለጡ። "ያቺ የማን ናት?"

"የእኔ ናት ጋሼ" አልኩ። በኩራት ነው ያልኩት፤ ምን ላድርግ።

"ሽማግሌ የሚያህል ሰው በዚያ ጫንክ?"

"ራሴ ነኝ የሠራኋት።"

"ይታያል" አሉ። "በል ስማኝ። ለሠርጉ ያልኩትን ሁሉ ብያለሁ። አንድ ነገር ግን፣ ያቺ ነገር በሠርጉ ቀን ከአዳራሹ ደጅ ድርሽ እንዳትል። የልጄን ሠርግ መሳቂያ አላደርግም።"

"መሳቂያ" ባይሉ ኖሮ! በሩቁ የምሕረት እህት ሳቅ ተሰማኝ። ብድግ አልኩ።

"ተቀመጥ" አሉኝ።

"ጉዳይ አለኝ ጋሼ መኩሪያ። ጉዳዬ ሳይሰማ አልቀመጥም።"

ጋሼ ወንድይፍራው ኮቴን ከኋላ ያዙ። "ልጄ፣ በእመብርሃን፣ ቁጭ በል" አሉ በሹክሹክታ።

"ይህቺን መኪና በዚህ እጄ ነው የሠራኋት። ሥራ በእሷ ሄጃለሁ፣ ጤፍ በእሷ ጭኛለሁ፣ ዛሬ ልጅዎን የጠየቅነውም በእሷ መጥተን ነው። ብርድ ላይ አገልግላ፣ ሐምሌ ላይ ፀሐይ ሲወጣ አንቺ ታሳፍሪያለሽ፣ እቤት ቅሪ ልበላት? አልልም! ከመጣሁ በእሷ ነው የምመጣው። ሙሽሮቹም ከወደዱ በእሷ ይወጣሉ።"

"መኪናዋ ከመጣች ሠርግ የለም!" አሉ ጋሼ መኩሪያ። ድምፃቸው ቤቱን ሞላው።

እትዬ አልማዝ አፋቸውን ያዙ። ጋሼ ወንድይፍራው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መቀመጥ ነበረብኝ፤ አውቃለሁ። ስለ ኤፍሬም ብዬ በግንባሬ መደፋት ነበረብኝ። ቅድም ያቆመኝ ብርድ ነው፤ አሁን ግን ጉልበቴ ደህና ነው፤ የያዘኝ እልህ ነው። እኔና ጋሼ መኩሪያ ተፋጥጠን ቆምን። የልጁ ትዳር በሁለት ግትር ሰው መሐል እንደዚያ ሲንጠለጠል እያየሁት አልተቀመጥኩም። ይሄን ስጽፍ እንኳ ያሳፍረኛል።

የጓዳው በር ተከፈተና ሩት ወጣች። ለካ ሁሉንም ስትሰማ ነበር።

"ዳድ፣ ዌይት" አለች። "ሙሽራዋ እኔ ነኝ አይደል? ላይክ፣ መጀመሪያ እኔ ልያት። ከዚያ እኔ እወስናለሁ።"

"ትሞቻለሽ!" አሉ እናቷ።

"አንድ ዙር ብቻ ማሚ።"

ጃኬቷን ለበሰች፤ እናቷ ከላዩ ሁለት ነጠላና አንድ ብርድ ልብስ ጨመሩባት። ይዣት ወጣሁ። አባቷ በመስኮት ያያሉ። መስኮቱ በተሰበረው በኩል ተቀመጠች፤ ሰፈሩን አንድ ጊዜ ዞርን። ፊቷን ላያት ፈልጌ ነበር፤ ግን እስከ ዓይኗ ተጠቅልላለች፤ እኔም የፊቱን መስታወት በባንክ ካርድ እየፋቅኩ ነው። አንዲት ቃል አልተናገረችም። ስንመለስ ያ ጎረቤት አካፋውን ይዞ ሊነቅላት ሲመጣ በእጇ ተወው አለችው፤ ቀስ ብላ፣ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላ እግር፣ ራሷ ወጣች። በቃ፣ ገደልኩት ልጁን፣ አልኩ በልቤ።

ገባን። ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። ሩት መጠቅለያውን ሳትፈታ ሄዳ ሳሎኑ መሐል፣ አባቷ ፊት ለፊት ቆመች።

"እሺ? አየሻት?" አሉ ጋሼ መኩሪያ።

አልመለሰችም። ከዓይኗ ውሃ ይወርዳል።

"አላልኳችሁም? ልጄን አደረቃት! ነይ፣ ተቀመጪና ሻይ ጠጪ።"

አልተቀመጠችም።

"ሩቲ፣ ተቀመጪ እንጂ የኔ ልጅ።"

ቀጥ ብላ ቆመች። ጋሼ መኩሪያ ተጠጓት። ጉልበቷን አዩ፣ እጇን አዩ፣ ዓይኗን ለረጅም ጊዜ አዩ። ሃያ ዓመት በረዶ የጠረጉት ሰው ከእግር እስከ ራስ ሁለት ጊዜ መረመሯት።

"እሺ" አሉ በመጨረሻ፣ በተሸነፈ ድምፅ። "ይሄ እንኳ ብርድ አይደለም። ሠርጉም ይሁን። መኪናዋም ትምጣ።"

ሩት ያን ጊዜ ብርድ ልብሱን ከትከሻዋ አወረደች፤ ጉልበቷን እንደ ልቧ አጥፋ፣ እግሯን በእግሯ ላይ አነባብራ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና "ማሚ፣ ሻዩ የታለ?" አለች።